ዋርማ የሳቀች ዕለት

ጃታው ፈረሱን ወደ ሰሜን በሚወስደው የአሸዋ መንገድ ላይ ቀስ አድርጎ ነዳ። ፈጥኖ መሄድ አይችልም፤ ከኋላው በገመድ የተያያዙ ወጣቶች በእግራቸው ይከተሉታል። የደረቁ ወራት ነፋስ ከበረሃው አቧራ እያዘለ መጥቶ ሰማዩን አመድ አስመስሎታል፤ ፀሐይም ወጣች ለመባል ያህል ብቻ ወጥታለች። ጃታው የጥምጣሙን ጫፍ ስቦ እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኗል። አቧራውን ሸሽቶ ነው ቢሉት ደስ ባለው፤ እውነቱ ግን ፊቱን የሚያሳይበት ድፍረት ማጣቱ ነው።

የለበሰው በኒል ቀለም ተነክሮ፣ በዱላ ተደብድቦ እንደ ጥቁር ብረት የሚያብለጨልጭ የሹመት ቀሚስ ነው። በጎኑ ቀይ ሰገባ ያለው ሰይፍ ተንጠልጥሏል። ጃታው የዋርማ ከተማ የሰሜን በር ሹም ነው፤ ሹመቱን ከአባቱ ወረሰ፣ አባቱም ከአያቱ። ሥራው ሲነጋ በሩን መክፈት፣ ሲመሽ መዝጋት፣ ዝናቡ ባለፈ ቁጥር ደግሞ የሰሜን ሰፈርን ሕዝብ አስወጥቶ ከበሩ እስከ ትልቁ የሮቃ ዛፍ ያለውን የከተማ ቅጥር በጭቃ ማስጠገን ነው። ዛሬ ግን ሥራው ሌላ ሆኗል። የጠበቃቸውን ልጆች ለጠላት ሊያስረክብ ይዟቸው ይሄዳል።

«አንተ ሽማግሌ ባሪያ!» አለች ከኋላው አንዲት ልጅ። «ጌታህን በእግሯ እያስኬድህ አንተ ፈረስ ላይ ትንፈላሰሳለህ? ውረድና ልውጣ እንጂ!»

ለጠላት የሚሰጡትን ፈረሶች እየሳቡ በመስመሩ ዳር ከሚሄዱት የሳርኪው አሽከሮች አንዱ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። የዋርማን ገዢ ሳርኪ ነው የሚሉት፤ የሳርኪ አሽከር ደግሞ በእንዲህ ያለ ቀን አይስቅም። ጃታው ዞር አላለም። ድምጿን ያውቀዋል። ዴሉ ናት፣ የሸካራው አንድያ ልጅ።

ሸካራው የጃታው የእናቱ ወንድም ልጅ ነው። በዋርማ የእኅትና የወንድም ልጆች የጨዋታ ዘመዶች ናቸው። አንዱ የሌላውን ቆብ ነጥቆ ቢሮጥ፣ ከድስቱ ሥጋ አውጥቶ ቢበላ፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ገብቶ «ይሄ ሌባ ገና አልሞተም?» ቢል የሚቆጣ የለም። የሚቆጣ ቢገኝ ነውሩ የራሱ ነው። የተሰደበ ከፍ አድርጎ ይመልሳል፣ የሰማም ይስቃል። ጨዋታው ለልጅም ይወረሳል። ጃታውና ሸካራው ከልጅነታቸው ጀምሮ አንዱ ሌላውን ባሪያዬ እያለ ኖሯል፤ ከሁለቱ ማን ባሪያ፣ ማን ጌታ እንደሆነ ግን አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም።

ጃታው በሌላ ቀን ቢሆን ለዴሉ ሦስት ስድብ በአንድ ትንፋሽ በመለሰላት ነበር። አሁን ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ። ያ ምላስ ነው ለዚህ ያበቃቸው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው በጋ፣ በሳርኪው አዳራሽ ነው። ሸካራው የጨው ነጋዴ በመሆኑ አህዮቹን እየነዳ እስከ ሰሜን ገበያዎች ድረስ ይዘልቃል። ያን ጊዜ ሲመለስ ግን ጨውን ቤቱ አውርዶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ሳርኪው ፊት ቀርቦ ተንበረከከ።

«ዕድሜዎ ይርዘም፣ ጌታዬ» አለ። «ያየሁትን ልናገር። ማይቢንዲጋ የሚሉት ጦረኛ አለ፤ የጠመንጃው ጌታ ማለታቸው ነው። የሚያሳድረው ጦር ከእኛ ከተማ ሕዝብ ይበልጣል። ድሮ ጦረኛ በፈረስና በጦር መጥቶ ቅጥራችንን አይቶ ይመለስ ነበር። አሁን ከባሕር ማዶ የተሠራ ጠመንጃ በግመል በረሃውን አቋርጦ ይገባለታል። ዋጋው ምን መሰላችሁ? ሰው ነው። ሰው ደግሞ ከየት ይመጣል? ቅጥሩ ከፈረሰ ከተማ ነዋ።»

ሸካራው ቀጠለ።

«በደቡብም ሰላም የለም። ነጮቹ በትልቁ ወንዝ በመርከብ እየወጡ ከተማ ያስገብራሉ ይባላል። ከላይም ከታችም መጡብን። እኔ ጠብ ፈልጌ አይደለም፤ ነጋዴ ነኝ፣ ጦርነት ገበያዬን ይዘጋል። ግን ደካማነታችንን ያየ ሁሉ ሳይጠራ ይመጣል። ቅጥሩ ይጠገን። በቅጥሩ ዙሪያ ያለው ቦይ ይጠረግ፣ እሾሁም እንደገና ይተከል። አንጥረኞቹ ለአንድ በጋ ዶማውን ይተዉና ያሉንን ጠመንጃዎች ያድሱ። እህሉ ከእርሻ ወደ ከተማ ይግባ፤ በመከር ጊዜም ዘብ ይቁም።»

ገላዲማው፣ የሳርኪው ሽማግሌ ምክትል፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። «የሰው ጉልበት ሁሉ ቅጥር ላይ ከዋለ ጥጡን ማን ይለቅማል?» አለ። ሳርኪው ፊቱን ወደ ጃታው መለሰ።

«የሰሜን በር ሹም! አንተስ ምን ትላለህ? ያንተ ቅጥር እንዴት ነው?»

እዚያ ላይ ነው ጃታውን የሚያቃጥለው። የሰሜን ሰፈር ሰዎች ለቅጥር ሥራ በወጡ ቁጥር ጃታው ወደ ሽንኩርት መስኩ እየወሰደ ቦይ ሲያስቆፍራቸው፣ ሲያስኮተኩታቸው ከርሟል። ቅጥሩን በሳርኪው መጎብኛ ዕለት ከውጭ በኩል በስስ ጭቃ ያስለስነዋል፤ ሳርኪው በፈረስ ዞሮ «ጎሽ» ብሎ ያልፋል። በሮቃው ዛፍ አጠገብ ያለው ግን ከዝናብ ብዛት ወርዶ፣ ፍየል ሲወጣበት፣ ሰውም ለቤቱ መምረጊያ አፈር ሲዝቅበት የልጆች መንሸራተቻ ሆኗል። ይህ ሊወጣ ነው። የሹመት ጥምጣሙ በአደባባይ ሊፈታ ነው።

ተነሣና የሸካራውን ቆብ ከራሱ ላይ ነጠቀ።

«ዕድሜዎ ይርዘም! ይሄ እኮ ባሪያዬ ነው! አምና ጅብ መጣብኝ ብሎ አህዮቹን በትኖ ሮጦ፣ ጅቡ የሚስቱ ፍየል ሆኖ የተገኘው እሱ አይደለም?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ጥምጣም ተወዛወዘ።

«ጃታው፣ ዛሬ ጨዋታ የለም» አለ ሸካራው። «በአባቴ አጥንት፣ ጨዋታ አይደለም።»

የጨዋታ ዘመድ ግን ሁልጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው። ሰዉ ከፊተኛው የባሰ ሳቀ። ጃታውም ሳቁን አይቶ ጨመረበት፤ «ገባችሁ? ጨው የጫነው ለዚህ ነው! እኛ በፍርሃት ላብ በላብ ስንሆን በእጥፍ ሊሸጥልን ነው!»

ሳርኪው ራሱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። የኮላ ፍሬ በትሪ ዞረ፣ ሰዎቹ እያኘኩ ስለ ጥጥና ስለ ሠርግ አወሩ፣ ጉባኤው ተበተነ። ሸካራው የደረሰውን ኮላ በእጁ እንደያዘ ወጣ። በበሩ ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ያን ቀን ጨዋታ እንዳልነበረ ከሸካራው በቀር የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ጃታው ራሱ ነበር። አውቆ ነው የሳቀው።

ጠላት በመከር መጣ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝቡ ዘንጋዳ ሲያጭድ። ጃታው የሰሜኑን በር ዘጋ፤ መወርወሪያውንም በገዛ ትከሻው ገፍቶ አስገባ። ፈረሰኞቹ ግን በሩን ዞር ብለውም አላዩት። በሮቃው ዛፍ በኩል በፈረሰው ቅጥር ላይ ቤታቸው እንደሚገቡ ተንደርድረው ገቡ። ጣራ አቃጠሉ፣ ያገኙትን ሰው አፍሰው ወጡ። ከዚያም የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው ሰፈሩና ላኩ፦ ወጣቶችና ጥሩ ጥሩ ፈረሶች ካልሰጣችሁ መድፋችንን እናመጣለን።

ቅጥሩ የፈረሰው በሰሜን ስለሆነ የሚበዙት ልጆች ከሰሜን ሰፈር ይውጡ ተባለ። መራጩም ጃታው እንዲሆን ተፈረደ። ጃታው አመሻሹ ላይ ወንድ ልጁን ጋምቦን ጠርቶ «ከብቶቹን ይዘህ ወደ አማቶቻችን ሂድ፤ እዚያ ግጦሽ አለ» አለው። ጋምቦ በደቡብ በር ሲወጣ ሸካራው ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ሸካራው የጃታው ደጅ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ባሪያዬ አላለውም። ሚስትህ የት አለች፣ ምን አብስላልኛለች ብሎም አላሾፈም።

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አለ። «ዴሉን ተውልኝ።»

«ሸካራው፣ ወንድሜ» አለ ጃታው፣ «እኔ የራሴን ዘመድ ትቼ በሰው ልጅ ብጀምር ሕዝቡ ምን ይለኛል? ከቤቴ ነው መጀመር ያለብኝ።»

ሸካራው አየው። ስለ ጋምቦ አንድ ቃል ቢተነፍስ ጃታው ወድቆ እግሩን ይስመው ነበር፣ ወይም እንደዚያ ይመስለዋል። ሸካራው ግን ተነሥቶ ልብሱን አራግፎ ወጣ።

አሁን ከፊታቸው የጠላት ሰፈር ታየ። ድንኳኖቹ ከአቧራው ጋር አንድ ቀለም ናቸው። መድፉ በሁለት መንኮራኩር ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ወታደር እግሩን ሰቅሎ ተደግፎት ፉራ የሚሉትን የዘንጋዳ ድፍድፍ በወተት እየበጠበጠ ይጠጣል። ዋርማን ያስጨነቀው ነገር ለእሱ የምሳ መደገፊያ ነው።

ርክክቡን የሚፈጽመው ቀይ ቆብ ያደረገ ወጣት አለቃ ነበር። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በምንጣፍ ተቀምጧል። ጃታው ከፈረስ ወርዶ ጫማውን አወለቀ፤ በዕድሜ የልጁ እኩያ ለሆነው ሰው ጎንበስ አለ።

«የዋርማን የሰሜን በር የሚጠብቀው ማን ነው?» አለ አለቃው።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ?» ቀና ብሎ አየው። «እግዜር ይስጥልን፣ ሽማግሌ። ፈረሶቻችን እንኳ ሳያልባቸው አስገባኸን።»

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ጃታው ያን ሳቅ ያውቀዋል። ባለፈው በጋ በሳርኪው አዳራሽ እሱ ራሱ ያስነሣው ዓይነት ሳቅ ነው፤ በተቀባዩ ወገን ሲሆኑ እንዲህ እንደሚያሳምም ግን አያውቅም ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

አለቃው ልጆቹን እያለፈ ትከሻቸውን ጨበጠ፣ ጥርሳቸውን አየ። ተመልሶም ተቀመጠና «አንድ ነገር ቀርቷል» አለ። «ጌታችን የበሩ ሹም ልጅ በመያዣነት ይምጣ ብሏል። በር ጠባቂ ልጁ እኛ ዘንድ ካለ ተንኮል አያስብም። ልጅ አለህ?»

ጃታው ለመመለስ ጊዜ አልወሰደበትም። ከሁሉ በኋላ ያሳፈረው ይህ ነው፤ ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም።

«ልጅ የለኝም» አለ።

ከኋላው ገመዱ ላይ ያሉት ሁሉ ጋምቦን ያውቁታል። አብረውት ዋኝተዋል፣ ሽንኩርት ሰርቀዋል፣ ወንዶቹም ለግርዛት አብረውት ተቀምጠዋል። አለቃው ወደ እነሱ ዞረ።

«እውነቱን ነው?»

አንዳቸውም ቀና አላሉም። አንድ ጣት ቢጠቆምበት አንገቱ እዚያው ይቀራል፤ ጋምቦም ተፈልጎ ይመጣል።

«እውነቱን ነው» አለች ዴሉ። «ልጅ የለውም። ባሪያ ልጅ ከየት ያመጣል?»

አለቃው በመገረም ሳቅ አለ። «ይህን ትልቅ ሰው ባሪያ ነው የምትይው?»

«ከተወለድሁ ጀምሮ። ባሪያዬ ነው፤ ጠይቀው።»

አለቃው በጨዋታው ተደሰተ፤ በእነሱም አገር የጨዋታ ዘመድ አለ። የጃታውን መልስ ጠበቀ። ዴሉም ጠበቀች። እጇ ታስሯል፣ ከንፈሯ በንፋሱ ተሰነጣጥቋል፤ ያም ሆኖ ደንቡ ሳይጎድል ተሰድባ መሄድ ፈለገች። ጃታው አፉን ከፈተ። «አንቺ...» አለና አቃተው። ጥምጣሙን ስቦ ዓይኑን ሸፈነ። አለቃው «ሽማግሌው ጨዋታ አያውቅም» ብሎ ልጆቹን ወደ ድንኳኖቹ አስነዳቸው።

ወደ ዋርማ ሲመለስ ሕዝቡ በከበሮና በመለከት ተቀበለው። አዝማሪው ከፈረሱ ፊት እየሮጠ «መድፉን በምላሱ ያስቆመ! የሰሜን አንበሳ!» እያለ አወደሰው። ልጆቻቸውን ያልሰጡት እናቶች እልል አሉ። የሰጡት በየደጃቸው ተቀምጠው አዩት። በማግስቱ ጋምቦ በወተት ጠግቦ፣ ከብቶቹን እያፏጨ በደቡብ በር ገባ። መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አሳለፈው፤ ሰላም ያለው ግን አልነበረም።

ሳርኪው ጉባኤ በጠራ ጊዜ ጃታው ሳይጠየቅ ተነሣ።

«ዕድሜዎ ይርዘም። ባለፈው በጋ ሸካራው እዚህ ቆሞ የተናገረውን ልድገመው። ቅጥሩ ይሠራ። ቦዩ ይቆፈር። አንጥረኞቹ ጠመንጃ ያድሱ። ዘብ ይቁም።»

«አሁን ምን ያደርጋል?» አለ ገላዲማው። «ከፈልን እኮ። ታርቀናል።»

«ታርቀናል? እኔ አይቻቸዋለሁ። የሰጠናቸውን የተቀበሉት ጠግቦ እንደሚሄድ ሰው አይደለም፤ ቤቱን እንዳወቀ ሰው ነው። ለከርሞ ይመጣሉ። እነሱ ቢቀሩ ሌላው ይመጣል፤ ወሬያችን በየገበያው ደርሷል። ያን ቀን የሳቃችሁት በእኔ ምክንያት ነው። እኔ ግን ጨዋታ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ቅጥሩ ፈርሶ ነበር፣ ያፈረስሁትም እኔ ነኝ፤ ሰዎቻችሁን ሽንኩርቴ ውስጥ ነበር የማውላቸው። ልጄንም ደብቄ የሰው ልጅ ሰጥቻለሁ።» ጥምጣሙን ፈትቶ ሳርኪው እግር ሥር አኖረ።

ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተሳደበም። ሳርኪው ጥምጣሙን አየና «ነገ ቅጥር» አለ።

ዋርማ በሙሉ ወጣ። ከበሮው እየተመታ ሴቱ ውሃ አመላለሰ፣ ወንዱ ጭቃ ረገጠ። ጋምቦም ከቦዩ ውስጥ ድንጋይ ያወጣል፤ የሚያነጋግረው የለም። ጃታው ባዶ ራሱን፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ በሮቃው ዛፍ ሥር ይሠራል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሸካራው ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጥቶ ከጎኑ ቆመ። የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው፤ የሰፈሩ ድርሻ ነውና። ጎን ለጎን ጭቃውን ረገጡ።

«በመጨረሻ ምን አለች?» አለ ሸካራው፣ ቀና ሳይል።

ጃታው ሁሉንም ነገረው። አለቃው የጠየቀውን፣ እሱ የመለሰውን፣ ዴሉ ያለችውን፣ መልስ ስትጠብቅ እሱ አፉ እንደተያዘ። አንዱንም አላስቀረም።

ሸካራው መርገጡን አቆመ። ጃታው ያን ጊዜ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሸካራው እንደ ድሮው ባሪያዬ ብሎ እንዲሰድበው። በሰው ሁሉ ፊት፣ ያሻውን ያህል። ጭቃውን አንሥቶ ፊቱ ላይ ቢለጥፍበት እንኳ እቅፍ አድርጎ ይስመው ነበር።

ሸካራው ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው።

«ጃታው» አለ፣ ባሪያዬ ሳይል፣ ማንም ሰው እንደሚጠራው በስሙ ጠርቶ፣ «ይሄ ጭቃ ውሃ ያንሰዋል። እንደዚህ ከደረቀ አይያያዝም።»

ጃታው እንስራውን አንሥቶ ውሃ ሊቀዳ ሄደ።